በባሕር ሣር መስክ ሥር የተከማቸን ካርቦን መለካት፦ ከጋዚ ወሽመጥ ጭቃ እስከ መጨረሻው ስሌት

የባሕር ሣር አልጌ አይደለም። ሥር፣ ቅጠል፣ አበባና ፍሬ ያለው፣ ከውኃ በታች የሚራባና ዕድሜውን ሙሉ በጨዋማ ውኃ ውስጥ የሚያሳልፍ ተክል ሲሆን፣ በዓለም ላይ ያሉት ዝርያዎቹ 70 ገደማ ብቻ ናቸው። ከውቅያኖስ ወለል የሚሸፍነው ድርሻ ከአንድ በመቶ እጅግ ያነሰ ነው፤ ሆኖም በየዓመቱ በውቅያኖስ ደለል ውስጥ ከሚቀበረው ኦርጋኒክ ካርቦን 10 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው በእነዚህ መስኮች ሥር እንደሚቀበር ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ባወጣው ሪፖርት በባሕርና በባሕር ዳርቻ ዕፅዋት የሚከማቸውን ካርቦን የሚያመለክተው «ሰማያዊ ካርቦን» የሚለው ስያሜ ከተለመደ ወዲህ፣ ማንግሮቭ (በጨዋማ የባሕር ዳርቻ ውኃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ)፣ የጨው ረግረግና የባሕር ሣር በአየር ንብረት ውይይቶች ላይ አብረው ይነሣሉ። ከሦስቱ ብዙ ጊዜ የሚረሳው የባሕር ሣር ነው፤ ምክንያቱም ውኃ ውስጥ ስለሆነ አይታይም፣ ቅጠሉም ሲታይ እዚህ ግባ የሚባል አይመስልም።

ቅጠሉ በእርግጥም ብዙ ካርቦን አልያዘም። እ.ኤ.አ. በ2012 ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ መረጃዎችን ያጠናቀረ ጥናት እንዳሳየው፣ በአንድ ሄክታር መስክ ላይ ያለው ሕይወት ያለው ተክል፣ ሥሩን ጨምሮ፣ በአማካይ የሚይዘው 2.5 ቶን ያህል ካርቦን ሲሆን፣ በዚያው ሄክታር ሥር ባለው የላይኛው አንድ ሜትር ደለል ውስጥ ግን በአብዛኛው 140 ቶን አካባቢ ይገኛል። ቅጠሎቹ የውኃውን እንቅስቃሴ ያበርዳሉ፤ በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፈው ቅንጣት ይዘቅጣል፤ ሥሩና በአግድም የሚሄደው የምድር ውስጥ ግንድ የዘቀጠውን አጥብቀው ይይዙታል። ከወለሉ ጥቂት ሚሊሜትር ዝቅ ሲል ኦክሲጅን ስለሚጠፋ የሞተው ሥርና የተቀበረው ቅጠል በጣም በዝግታ ይበሰብሳል፤ እሳትም ስለማይነካው ዘመናት ያልፉበታል። በሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ፖሲዶኒያ የተባለው ዝርያ በስፔን ፖርትልጋት ወሽመጥ የገነባው የሥርና የደለል ክምር በርካታ ሜትር ውፍረት አለው፤ ዕድሜውም በሺህ ዓመታት ይቆጠራል።

ስለዚህ የባሕር ሣርን ካርቦን መለካት ማለት በዋናነት ጭቃን በትክክል መለካት ማለት ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በዚህ ሥራ ላይ ለሚሠማሩ አማርኛ አንባቢ ተማሪዎችና ባለሙያዎች ነው። ኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻ ባይኖራትም፣ በአፈር ላቦራቶሪዎቻችን የሠለጠነ ሰው ከሥራው ግማሽ የሚሆነውን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ የቀረውን ግማሽ ካላወቀ ግን ያው የለመደው ዘዴ ሊያሳስተው ይችላል። ምሳሌ እንዲሆነን የምንከተለው ቦታ በኬንያ ደቡባዊ ጠረፍ፣ በክዋሌ ካውንቲ፣ ከሞምባሳ በስተደቡብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ጋዚ ወሽመጥ ነው። ይህን ቦታ የመረጥሁት በአፍሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ በባሕር ሣር ካርቦን ላይ ጥሩ ጥናት ከተካሄደባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ስለሆነ ነው።

ደረጃ 1፦ የሚለካውን ነገር መወሰን

ወደ ባሕሩ ከመሄድ አስቀድሞ ከሦስቱ ጥያቄዎች የትኛው እንደሚመለስ በጽሑፍ ይወስኑ። የመጀመሪያው «በአሁኑ ሰዓት ምን ያህል ካርቦን ተከማችቷል?» የሚል ነው፤ ይህ ክምችት ይባላል፣ የሚለካውም በቶን በሄክታር ነው። ሁለተኛው «በየዓመቱ ምን ያህል ይጨመራል?» የሚል ሲሆን፣ የደለሉን ዕድሜ ማወቅ ይጠይቃል። ሦስተኛው «መስኩ ቢጠፋ ምን ያህሉ ወደ አየር ይወጣል?» የሚል ነው፤ ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ማደባለቅ በዚህ ዘርፍ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው። በአንድ ሜትር ጥልቀት ውስጥ ያለው ክምችት ብዙ መቶ ወይም ሺህ ዓመታት የፈጀ ሊሆን ስለሚችል፣ ይህንኑ ቁጥር እንደ ዓመታዊ አገልግሎት አድርጎ ማቅረብ አንባቢን ማሳሳት ነው። ይህ መመሪያ በዋናነት የሚያተኩረው በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ነው፤ ለሌሎቹ ሁለቱም መነሻው እርሱ ነውና።

ጥልቀቱንም አስቀድመው ይወስኑ። ዓለም አቀፍ ንጽጽሮች የሚደረጉት በላይኛው አንድ ሜትር ላይ ስለሆነ፣ የተለየ ምክንያት ከሌለ በስተቀር አንድ ሜትር ይምረጡ። ደለሉ ከአንድ ሜትር በፊት ኮራል ድንጋይ ላይ የሚያበቃ ከሆነ፣ ያገኙትን ጥልቀት እንዳለ ይመዝግቡ እንጂ የሌለ ጭቃ በስሌት አይጨምሩ።

ደረጃ 2፦ ፈቃድና የአካባቢው ሰው

በኬንያ ማንኛውም ተመራማሪ ከብሔራዊው የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኢኖቬሽን ኮሚሽን የምርምር ፈቃድ ያስፈልገዋል። የኬንያ የባሕርና የዓሣ ሀብት ምርምር ተቋም በጋዚ ጣቢያ ስላለው፣ ከእርሱ ጋር አብሮ መሥራት ከመሣሪያም ከዕውቀትም አንጻር ይጠቅማል። ወረቀቱ ብቻ ግን አይበቃም። የጠረፉ ዓሣ አጥማጆች የሚደራጁበት የባሕር ዳርቻ አስተዳደር ማኅበር አለ፤ ከእነርሱ ጋር ሳይነጋገሩ ቧንቧና መዶሻ ይዞ ውኃ ውስጥ መግባት ነውር ከመሆኑም በላይ ሥራውን ያበላሻል። ሣሩ የት እንደሳሳ፣ የሚጎተት መረብ የት እንደሚያልፍ፣ ከዓመታት በፊት መስክ የነበረው አሁን ባዶ አሸዋ የሆነው የቱ ጋ እንደሆነ ከሳተላይት ምስል ይልቅ እነርሱ ያውቁታል። በጋዚ ማኅበረሰቡ ለእንዲህ ዓይነቱ ንግግር እንግዳ አይደለም፤ ሚኮኮ ፓሞጃ የተባለው ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ከማንግሮቭ ደን የሚገኘውን የካርቦን ክሬዲት (ካርቦን ወደ አየር እንዳይወጣ በማድረግ የሚገኝና የሚሸጥ ማረጋገጫ) እየሸጠ ገቢውን ለውኃና ለትምህርት ቤት አውሏል።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት አካባቢ ባለው የካስካዚ ነፋስ ወራት ባሕሩ ይረጋል፣ ውኃውም ይጠራል፤ ኩሲ የተባለው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ሲገባ ግን ሞገዱ ይከብዳል። የባሕሩ መሙላትና መጉደል በዚህ ጠረፍ በአዲስ ጨረቃና በሙሉ ጨረቃ ሰሞን 4 ሜትር ሊጠጋ ስለሚችል፣ በእግር የሚደረሱትን ነጥቦች ውኃው እጅግ በሚሸሽባቸው በእነዚያ ቀናት ላይ ያቅዱ። ወፍራም ጫማ ማድረግ ግዴታ ነው፤ በሣሩ መካከል የባሕር ጃርትና መርዛማ እሾህ ያለው ዓሣ ይገኛሉ።

ደረጃ 3፦ ካርታ መሥራትና መስኩን መከፋፈል

አጠቃላይ ክምችቱ የሚገኘው በሄክታር ያለው ካርቦን በስፋቱ ሲባዛ ስለሆነ፣ የስፋት ስሕተት በቀጥታ ወደ መጨረሻው ቁጥር ይገባል። ሴንቲኔል-2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች 10 ሜትር በ10 ሜትር ዝርዝር ያለው ምስል በነፃ ይሰጣሉ፤ ለጥልቀት የሌለው ጥርት ያለ ውኃ ይህ በቂ ነው። ኪዶጎዌኒና ምኩሩሙጂ የተባሉት ወንዞች ወደ ወሽመጡ በሚገቡበት አካባቢ ግን ዝናብ ከዘነበ በኋላ ውኃው ስለሚደፈርስ፣ ምስሉን ከደረቅ ወራት ይምረጡ። ከላይ ሲታይ የባሕር ሣር፣ አልጌና ጥቁር ኮራል ድንጋይ ይመሳሰላሉ፤ ስለዚህ በጀልባ ወይም በዋና እየዞሩ በጂፒኤስ የተመዘገቡ የማረጋገጫ ነጥቦች መውሰድ ግድ ነው። ከነጥቦቹ የተወሰኑትን ካርታውን ለመሥራት፣ የቀሩትን ካርታውን ለመፈተን ብቻ ይጠቀሙባቸው።

ከዚያ መስኩ ወደ ተመሳሳይ ክፍሎች ይመደባል። በኬንያ ጠረፍ 12 የባሕር ሣር ዝርያዎች ሲመዘገቡ፣ በጋዚ በስፋት የሚታዩት ታላሶዴንድሮን ሲሊያቱም፣ ታላሲያ ሄምፕሪኪ፣ ኤንሃሉስ አኮሮይድስና ሲሪንጎዲየም ኢሶኤቲፎሊየም ናቸው። እንደኔ ግምገማ ዝርያ ብቻውን ጥሩ መከፋፈያ አይደለም፤ ለማንግሮቭ ያለው ቅርበት፣ የሞገዱ ኃይልና የደለሉ ደቃቅነት ከዝርያው እኩል ወይም የበለጠ ይወስናሉ። ደቃቅ ጭቃ ከሻካራ አሸዋ የበለጠ ኦርጋኒክ ካርቦን ይይዛል። ስለዚህ ዝርያንና ቦታን አጣምረው ሦስት ወይም አራት ክፍሎች ያውጡ፤ ከዚህ በላይ ከሆነ ለእያንዳንዱ የሚበቃ ናሙና አይገኝም። ከክፍሎቹ አንዱ ሣር የሌለበት፣ ነገር ግን በጥልቀትና በሞገድ የሚመሳሰል ባዶ ወለል መሆን አለበት። ያለዚህ ማነጻጸሪያ ካርቦኑን ሣሩ ያመጣው ይሁን ወሽመጡ በራሱ የሚሰበስበው መለየት አይቻልም።

ደረጃ 4፦ ስንት ዓምድ?

ዓምድ የምንለው ቧንቧ ወደ ባሕሩ ወለል አስገብቶ የሚወጣውን ረጅም የደለል ናሙና ነው። ስንት እንደሚበቃ ለማወቅ ቀመር አለ። በመጀመሪያ ከእያንዳንዱ ክፍል ጥቂት የሙከራ ናሙናዎች ወስደው አማካዩንና ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑን (ናሙናዎቹ ከአማካዩ በምን ያህል እንደሚራራቁ የሚያሳየውን ቁጥር) ያስሉ። ከዚያ ከስታቲስቲክስ ሠንጠረዥ የሚገኘውን የ«ቲ» ዋጋ በስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ አባዝተው፣ ሊታገሡት ለሚችሉት የስሕተት መጠን አካፍለው፣ ውጤቱን በራሱ ያባዙት። ለምሳሌ ከ10 የሙከራ ዓምዶች አማካዩ በሄክታር 150 ቶን፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ 50 ቶን ቢሆንና «ቲ» 2.26 ቢሆን፣ የ20 በመቶ ማለትም የ30 ቶን ስሕተት ለሚበቃው ሰው 15 ዓምዶች ይበቁታል። ስሕተቱን ወደ 10 በመቶ ማውረድ የሚፈልግ ግን 57 ዓምዶች ማውጣት ይኖርበታል። ትክክለኛነትን በእጥፍ ማሳደግ ሥራውን በአራት እጥፍ ስለሚያበዛ፣ ከገንዘብ ሰጪ ጋር ከመስማማት በፊት ይህን ስሌት መሥራት ተገቢ ነው። ነጥቦቹ በካርታው ላይ በዕጣ ይመረጡ፤ ሣሩ ያማረበትን ቦታ እየመረጡ መውሰድ ውጤቱን ያለ አግባብ ከፍ ያደርገዋል።

ደረጃ 5፦ ተክሉን መሰብሰብ

ይህ ክፍል በአጭሩ ይታለፍ፤ ከመጨረሻው ቁጥር የሚይዘው ድርሻ ትንሽ ነውና። በእያንዳንዱ ነጥብ 50 በ50 ሴንቲሜትር የሆነ ፍሬም ወለሉ ላይ አስቀምጠው ሣሩ ከመቶ ስንት እንደሚሸፍን ይመዝግቡ። ከውስጡ 25 በ25 ሴንቲሜትር ከሆነው ላይ ቅጠሉን፣ ግንዱንና ሥሩን አውጥተው፣ በባሕር ውኃ አጥበው፣ ቅጠሉ ላይ የተለጠፉትን ጥቃቅን አልጌዎችና ቅርፊቶች በስለት ይፋቁ። ከመሬት በላይና በታች ያለውን ለይተው በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አድርቀው ይመዝኑ። ክብደቱን በ16 ማባዛት በካሬ ሜትር ያለውን ይሰጣል፤ ከደረቅ ክብደቱ 34 በመቶ ያህሉ ካርቦን ነው ብሎ ማስላት የተለመደና ተቀባይነት ያለው ነው። በካሬ ሜትር 500 ግራም ደረቅ ተክል ቢገኝ፣ ካርቦኑ 170 ግራም፣ በሄክታር ሲሰላም 1.7 ቶን ብቻ ይሆናል። ሣሩ የሚነቀልበት ቦታ ለማገገም ጊዜ ስለሚፈልግ፣ ከሚያስፈልገው በላይ አይንቀሉ።

ደረጃ 6፦ የደለሉን ዓምድ ማውጣት

ከሁሉም በላይ ትዕግሥት የሚፈልገው ይህ ደረጃ ነው። ከ5 እስከ 8 ሴንቲሜትር ስፋት፣ 150 ሴንቲሜትር ያህል ርዝመት ያለው የፒቪሲ ወይም የአሉሚኒየም ቧንቧ ያዘጋጁ፤ የታችኛው አፉ በሞረድ ይሳል። የተሳለ አፍ ሥሮቹን እየቆረጠ ይገባል፤ ያልተሳለ ቧንቧ ግን ሥሮቹን ይዞ ወደ ታች ይገፋቸዋል፣ ከሥራቸው ያለው ደለልም ወደ ጎን ይሸሻል። ቅጠሉን ወደ ጎን ለይተው ቧንቧውን ቀጥ አድርገው ያቁሙ፤ ሁለት ሰው ጎንና ጎኑን ይዞ በትንሹ ግራና ቀኝ እያዞረ ይጫነው። ሲከብድ አናቱ ላይ እንጨት አድርጎ በመዶሻ በቀስታ መምታት ይቻላል፤ በኃይል መምታት ደለሉን ያጨናንቀዋል።

ቧንቧው ከገባ በኋላ፣ ከመነቀሉ በፊት፣ ሁለት ርዝመቶችን ይለኩ። አንዱ በውጭ በኩል ከቧንቧው አናት እስከ ባሕሩ ወለል ያለው፣ ሌላው በውስጥ በኩል ከአናቱ እስከ ደለሉ ገጽ ያለው ነው። ሁለቱ እኩል አይሆኑም፤ ደለል ወደ ቧንቧ ሲገባ ይታመቃልና። ባለ 150 ሴንቲሜትሩ ቧንቧ በውጭ 50 ሴንቲሜትር ቢቀር፣ 100 ሴንቲሜትር ገብቷል ማለት ነው። በውስጥ በኩል ደግሞ 70 ሴንቲሜትር ባዶ ቢሆን፣ የዓምዱ ርዝመት 80 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። 80ን ለ100 ስናካፍል 0.8 እናገኛለን፤ ይህች ቁጥር የመታመቅ ማስተካከያ ናት፣ በመጨረሻው ስሌትም ላይ ሁሉንም ነገር ትነካለች። ይህን ልኬት ሳይወስድ ዓምዱን የነቀለ ሰው በኋላ መልሶ ሊያገኘው አይችልም። ማስተካከያው ከ0.7 በታች ከሆነ ዓምዱን ጥሎ ጥቂት ሜትር ራቅ ብሎ መድገምን እመክራለሁ።

ከዚያ የቧንቧውን ባዶ ክፍል በባሕር ውኃ ሞልተው አናቱን በጎማ ክዳን አጥብቀው ይዝጉ፤ ሲነቀል ደለሉ እንዳያመልጥ የሚይዘው በዚህ የሚፈጠረው የመሳብ ኃይል ነው። የታችኛው አፍ ከደለሉ እንደወጣ ወዲያውኑ በእጅ፣ ቀጥሎም በክዳን ይዘጋል። ዓምዱ ወደ ላቦራቶሪ እስኪደርስ ቆሞ እንዲጓዝ ያድርጉ፤ ቢተኛ የላይኛው ፈሳሽ ጭቃ ይደባለቃል። ቀን፣ ጂፒኤስ፣ የውኃ ጥልቀት፣ ዝርያ፣ ሁለቱ ርዝመቶችና የቧንቧው የውስጥ ስፋት በእርሳስ በውኃ መከላከያ ወረቀት ላይ ይጻፉ።

ደረጃ 7፦ መቁረጥና ማድረቅ

ዓምዱ ከታች በኩል በገፊ እየተገፋ ከላይ ይቆረጣል፣ ወይም ቧንቧው ለሁለት ይሰነጠቃል። ለክምችት ስሌት የላይኛውን 20 ሴንቲሜትር በየ2 ሴንቲሜትሩ፣ ከዚያ በታች ያለውን በየ5 ሴንቲሜትሩ መቁረጥ ጥሩ ሚዛን ነው። ከቧንቧው ግድግዳ ጋር የተነካካው ስስ ጠርዝ የላዩን ደለል ወደ ታች ተጎትቶ ሊይዝ ስለሚችል፣ ለኬሚካል ምርመራ የሚሆነውን ከመካከል ይውሰዱ። ዛጎልና ሥር ከመመዘኑ በፊት አይለቀም፤ የቦታው አካል ናቸውና፣ ከወጡ እፍግታው ይዛባል።

እያንዳንዱ ቁራጭ በ60 ዲግሪ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ይደርቃል፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይፈጃል። በአፈር ላቦራቶሪ የለመድነው 105 ዲግሪ ለእፍግታ ብቻ ቢሆን ችግር የለውም፤ ያንኑ ናሙና ለካርቦን ምርመራ ለመጠቀም ግን ዝቅተኛውን ሙቀት መምረጥ ይሻላል። ደረቁን ክብደት ቁራጩ ከመታመቁና ከመድረቁ በፊት ለነበረው ይዘት ማካፈል ደረቅ እፍግታን ይሰጣል። በዓለም የባሕር ሣር መስኮች አማካዩ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 1 ግራም ገደማ ነው፤ ከዚህ እጅግ የራቀ ቁጥር ሲመጣ ይዘቱን እንደገና ያስሉት።

ደረጃ 8፦ ኦርጋኒኩን ካርቦን ከካርቦኔቱ መለየት

እንደ ጋዚ ባሉ ኮራል አቅራቢያ በሚገኙ ወሽመጦች ውስጥ ከደለሉ ብዙው የዛጎልና የኮራል ፍርፋሪ፣ ማለትም ካልሲየም ካርቦኔት ነው። እርሱም ካርቦን አለው፤ ነገር ግን እኛ የምንፈልገው እርሱን አይደለም። እንዲያውም ካልሲየም ካርቦኔት በባሕር ውኃ ውስጥ ሲፈጠር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል። ስለዚህ ሁለቱን ሳይለይ የሚቀርብ «ጠቅላላ ካርቦን» ዋጋ የለውም። በመጀመሪያ ከደረቀው ደለል ጥቂት ወስደው የተበረዘ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ ያድርጉበት፤ ከፈላ ካርቦኔት አለ ማለት ነው።

አስተማማኙ መንገድ የኤለመንት መመርመሪያ መሣሪያ ነው። የተፈጨው ናሙና በአሲድ ካርቦኔቱ እንዲወገድ ይደረግና የቀረው ካርቦን ይለካል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ መሣሪያው የሚሰጠው በመቶኛ ከአሲዱ በኋላ ከቀረው ክብደት አንጻር ነው። 10 ግራም ደለል በአሲድ ታክሞ 6 ግራም ቢቀርና መሣሪያው 2.5 በመቶ ቢያሳይ፣ ካርቦኑ 0.15 ግራም ነው፤ ይህም ከመጀመሪያው 10 ግራም 1.5 በመቶ እንጂ 2.5 በመቶ አይደለም። ወደ ስሌቱ የሚገባው 1.5 ነው። ይህን መመለስ የረሳ ሰው ክምችቱን በሁለት ሦስተኛ ያህል አግንኖ ያቀርባል።

መሣሪያው ከሌለ የማቃጠል ዘዴ አለ። የደረቀ ናሙና በሸክላ ጽዋ ሆኖ በ450 ዲግሪ ለ4 እስከ 8 ሰዓት በላቦራቶሪ ምድጃ ይቃጠላል፤ እርጥበት በማያስገባ መያዣ ቀዝቅዞ ይመዘናል፤ የጠፋው ክብደት ኦርጋኒክ ቁስ ነው። ሙቀቱ ከዚህ በእጅጉ ከፍ ካለ ካርቦኔቱም መፍረስ ስለሚጀምር ውጤቱ ይበላሻል። ኦርጋኒክ ቁስ በሙሉ ካርቦን ስላልሆነ፣ ከዓለም አቀፍ መረጃ የተገኘው ማስተካከያ የጠፋውን በመቶኛ በ0.40 አባዝቶ 0.21 መቀነስ ነው። ለምሳሌ 4.3 በመቶ የጠፋበት ደለል 1.5 በመቶ ያህል ካርቦን አለው ማለት ነው። ሆኖም የሸክላ አፈር በማዕድኑ ውስጥ የታሠረውን ውኃ በዚህ ሙቀት ሊለቅ ስለሚችል፣ ቢያንስ ከናሙናዎቹ አምስተኛውን ወደ ሌላ ላቦራቶሪ ልኮ በመሣሪያ ማስለካትና የራስን ቦታ ቀመር ማውጣት ይገባል።

በአገራችን የአፈር ላቦራቶሪዎች በስፋት የምንጠቀምበት ዎክሊ-ብላክ የተባለው የዳይክሮሜት ዘዴ ለዚህ ሥራ አይመከርም። በባሕር ደለል ውስጥ ያለው ክሎራይድ፣ እንዲሁም ኦክሲጅን በሌለበት ጭቃ ውስጥ የሚገኙት የብረትና የሰልፈር ውሕዶች ዳይክሮሜቱን ስለሚፈጁት፣ የሌለ ካርቦን ያለ መስሎ ይታያል። ለደጋ እርሻ ማሳ የሚሠራ ዘዴ ለጨዋማ ጭቃ እንዳለ አይሸጋገርም።

ደረጃ 9፦ ስሌቱ

ቧንቧው በውስጥ 7 ሴንቲሜትር ስፋት ቢኖረው፣ የአፉ ስፋት 38.5 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል ነው። ከዓምዱ የተቆረጠ ባለ 2 ሴንቲሜትር ቁራጭ፣ የመታመቅ ማስተካከያው 0.8 ስለሆነ፣ በባሕሩ ወለል ላይ ሳለ 2.5 ሴንቲሜትር ውፍረት ነበረው። ይዘቱም 96.2 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ይሆናል። ደረቅ ክብደቱ 96.2 ግራም ቢሆን እፍግታው 1.0 ነው። ካርቦኑ 1.5 በመቶ ከሆነ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 0.015 ግራም አለ፤ ይህ በ2.5 ሲባዛ በካሬ ሴንቲሜትር 0.0375 ግራም ይሰጣል። በካሬ ሴንቲሜትር አንድ ግራም በሄክታር 100 ቶን ስለሆነ፣ ይህ ቁራጭ ብቻውን በሄክታር 3.75 ቶን ይወክላል። የሁሉም ቁራጮች ድምር የዓምዱ ክምችት ነው። ደለሉ እስከ አንድ ሜትር ድረስ ወጥ ቢሆን 150 ቶን ይደርሳል።

ማስተካከያው በውፍረቱም በእፍግታውም ላይ በአንድነት መደረግ አለበት። ውፍረቱን ወደ 2.5 ዘርግቶ እፍግታውን ግን በታመቀው ይዘት፣ ማለትም 1.25 አድርጎ የሚያሰላ ሰው ውጤቱን በ25 በመቶ ያሳድጋል። ስሕተቱ በወረቀት ላይ ሲታይ ንጹሕ ስሌት ስለሚመስል ለመያዝ ያስቸግራል።

ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለመለወጥ በ3.67 ይባዛል፤ 150 ቶን ካርቦን 550 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ነው። ሁለቱ አሃዶች በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ እንዳይደባለቁ በየዓምዱ ራስጌ ላይ በግልጽ ይጻፉ። ከዚያ የእያንዳንዱ ክፍል አማካይ በክፍሉ ስፋት ተባዝቶ ይደመራል፤ የስፋቱም የክምችቱም ስሕተት አብሮ ይሰላል።

ውጤቱን በምን እንመዝነው? በጋዚ በአራቱ ዋና ዝርያዎች ሥር የተለካው ክምችት በሄክታር ከ160 እስከ 234 ቶን አካባቢ ሲሆን፣ ሣር ከሌለበት ወለል በግልጽ ይበልጣል። በሳዑዲ ዓረቢያ የቀይ ባሕር ጠረፍ የተለካው አማካይ ግን 34 ቶን ገደማ ነው፤ ወንዝ በማይገባበት፣ ሞቃትና ካርቦኔት በበዛበት ባሕር ይህ አያስደንቅም። የአየር ንብረት ለውጥ የመንግሥታት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ለአገሮች የሰጠው መነሻ ቁጥር 108 ቶን ነው። የእርስዎ ቁጥር ከእነዚህ ቢለይ ጥፋት ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን ምክንያቱን ከደለሉ ደቃቅነት፣ ከወንዝ ቅርበትና ከሞገድ አንጻር ማስረዳት ይጠበቅብዎታል።

ደረጃ 10፦ ምንጭና ፍጥነት

በደለሉ ውስጥ ያለው ካርቦን ሁሉ ከሣሩ የመጣ አይደለም። በዓለም አቀፍ ንጽጽር ግማሽ ያህሉ ከማንግሮቭ፣ ከወንዝና በውኃው ከሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕይወት የመጣ ነው። በጋዚ ማንግሮቩ ቅርብ ስለሆነ ይህ ጉዳይ ይበልጥ ይመለከተናል። ካርቦን 13 የተባለው ከተራው ካርቦን የሚከብድ የካርቦን ዓይነት (ኢሶቶፕ) መጠን ምንጮቹን ለመለየት ይረዳል፤ ምርመራውም በኤለመንት መመርመሪያው አብሮ ሊሠራ ይችላል። ዓመታዊውን ፍጥነት ለማወቅ ደግሞ 22 ዓመት ገደማ ግማሽ ዕድሜ ያለው (በዚያ ጊዜ ውስጥ ግማሹ የሚጠፋ) ሊድ 210 የተባለው ራዲዮአክቲቭ እርሳስ ላለፉት 100 ዓመታት ያህል፣ ካርቦን 14 ከዚያ ለቆየው ያገለግላሉ። ሸርጣንና ትል ደለሉን ከላይ ወደ ታች እያገላበጡ የሊድ 210ን መስመር ስለሚያደበዝዙት፣ መገላበጡ ግምት ውስጥ ካልገባ ፍጥነቱ ከእውነተኛው በላይ ሆኖ ይወጣል። የታተሙ ትልልቅ ፍጥነቶችን ስናነብ ይህን ማስታወስ ይገባል።

ደረጃ 11፦ ሪፖርቱና ከዚያ በኋላ

በሪፖርቱ ውስጥ አማካዩን ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን ዓምድ ጥልቀት፣ የመታመቅ ማስተካከያ፣ እፍግታ፣ የካርቦን በመቶኛና የምርመራ ዘዴ በዝርዝር ያውጡ። ሌላ ሰው ከጥሬው መረጃ ተነሥቶ ቁጥሩን እንደገና ማስላት ካልቻለ፣ ሪፖርቱ ለብሔራዊ የልቀት መዝገብም ሆነ ለካርቦን ክሬዲት አይበቃም። «መስኩ ቢጠፋ 550 ቶን ይለቀቃል» የሚል ዐረፍተ ነገር አይጻፍ፤ ከተሸረሸረው ደለል ከፊሉ ሌላ ቦታ ተመልሶ ይቀበራልና። አደጋው ግን እውነተኛ ነው። በምዕራብ አውስትራሊያ ሻርክ ቤይ እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻና በ2011 መጀመሪያ በደረሰው የባሕር ሙቀት ማዕበል ከመስኩ አንድ ሦስተኛ በላይ የሚሆነው ሲጎዳ፣ በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት የተለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ2 እስከ 9 ሚሊዮን ቶን እንደሚደርስ ተገምቷል። የዚህ ግምት ስፋት በራሱ የሚለቀቀውን መጠን በአንድ ቁጥር መናገር ለምን እንደማይገባ ያሳያል።

ክትትልን በተመለከተ፣ ዓምድ በየዓመቱ ማውጣት አያስፈልግም፤ በደለል ውስጥ ያለው ለውጥ በዓመት ውስጥ ከልኬት ስሕተት አይበልጥም። በየዓመቱ መለካት ያለበት የመስኩ ስፋትና የሣሩ ሽፋን ነው፤ በሚጎተት መረብ፣ በመልሕቅ፣ በባሕር ጃርት መብዛትና ከወንዝ በሚመጣ ደለል ምክንያት መጀመሪያ የሚሳሳው ሽፋኑ ነውና። ቋሚ ነጥቦች ላይ በተመሳሳይ ወር፣ ባለ 50 ሴንቲሜትሩን ፍሬም ከላይ ፎቶ እያነሡ መመዝገብ በትንሽ ወጪ ይሠራል፤ ሥልጠና የወሰዱ የማኅበሩ አባላትም ሊያካሂዱት ይችላሉ። ዓምዶቹን ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ባለው ጊዜ መድገም ይበቃል። ከደረቀው ደለል ከእያንዳንዱ ቁራጭ ቢያንስ 10 ግራም በታሸገ ጠርሙስ፣ የዓምዱ ቁጥርና ጥልቀት ተጽፎበት፣ በደረቅ ቦታ ይቀመጥ፤ በሚቀጥለው ዙር የላቦራቶሪው መሣሪያ ቢለወጥ አሮጌውንና አዲሱን ናሙና በአንድ ቀን አብሮ ማስለካት የሚቻለው እርሱ ካለ ብቻ ነው።